ክርና ኩርፊያ

ደረቁ ነፋስ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሹራብ ሠሪው በማለዳ ከሹራብ መሥሪያው ወጥቶ ሲገሰግስ፣ መታጠፊያው ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ሊላተም ለጥቂት ተረፈ። ልጅቱ የሳይንስ አስተማሪ ናት፤ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ዘና ብላ ነበር የምትሄደው።

«ጋሼ! በደህና ነው እንዲህ የሚከንፉት?»

«ክር አጠንጣኝ ፍለጋ ነው፣ ልጄ። ያለችኝን ዛሬ ላሰናብታት ነው።»

«ምን አጠፋች?»

«ጠበኛ ናት።»

አስተማሪዋ ሳቋ መጣ። ሴትዮዋን ታውቃታለች፤ ለብቻዋ የምትኖር፣ ስትናገር እንኳ ጆሮ ካላስጠጉ የማትሰማ ሰው ናት። «እሷ? ከማን ተጣልታ?»

«እሱን አልናገር አለች። ክሩ ግን ይናገራል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሹራብ ሠሪው ሙያውን ከአባቱ ሲወርስ አንድ እምነትም አብሮ ወርሷል፤ ቤቱ ተጣልቶ የመጣ ሰው ክር ከነካ፣ ጠቡ በእጁ ወደ ክሩ ተላልፎ ክሮቹን እያለያየ ይበጥሳቸዋል የሚል። ስለዚህ በየማለዳው በር ላይ ቆሞ «ከማን ተጣላህ? ከማን ተኳረፍሽ?» እያለ ሠራተኞቹን ይመረምራል። የተጣላ፣ ታርቆ እስኪመጣ ይመለሳል። ከሚስቱ ጋር ሳይነጋገር ሳምንት የሞላው እንኳ «ፍቅር በፍቅር ነን፣ ጋሼ!» ማለት ተምሯል። አጠንጣኟ ግን የምትታረቀውም የምትዋሽበትም ሰው የላትም። አለማወቅ ወንበር ይዞ ሲፈርድ፣ ፍርዱ የሚወድቀው እንዲህ በዝምተኛው ላይ ነው።

አስተማሪዋ አጎቷን እጁን ይዛ መለሰችው። ሲገቡ አጠንጣኟ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። በማጠንጠኛው የብረት ቀለበት አልፈው ወደ እጅዋ የሚመጡት የናይለን ክሮች ተራርቀው፣ እንደ ድመት ጢም ቆመዋል።

«ይኸው!» አለ ሹራብ ሠሪው።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ልጣላ?» አለች ሴትዮዋ በቀጭኑ። «ቤቴ ውስጥ ያለነው እኔና ግድግዳው ነን። ከዚህ ከወጣሁ ደግሞ የት እገባለሁ?»

«ከመፍረድዎ በፊት ምስክር እንስማ» አለች አስተማሪዋ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ፌስታል አንስታ ሁለት ረጃጅም ቁራጮች ቀደደች። «የአንድ ፌስታል ልጆች ናቸው፤ ቂም የላቸውም።» ጫፋቸውን አንድ ላይ ይዛ በሌላ እጇ ጣቶች መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገቻቸው። ቁራጮቹ ተገፋፍተው እንደ ተከፈተ መቀስ ተንፈራጠጡ።

«አንቺም ተጣልተሽ ነዋ የመጣሽው!»

«እንግዲያው እርስዎ ይሞክሩት። የሰላም ሰው ነዎት።»

ሹራብ ሠሪው ኮራ ብሎ ተቀበላት። ሳብ ሳብ ሲያደርጋቸው ከፊተኛው ይበልጥ ተለያዩ። ከየሹራብ መኪናው ጀርባ የሠራተኞቹ አንገት ብቅ ብቅ አለ። ሹራብ ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ካልዋሸሁ… ከባለቤቴ ጋር ዛሬ ጠዋት ትንሽ ተነጋግረናል።»

«ትንሽ?»

«ከፍ ባለ ድምፅ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ግን አልተሸነፈም፤ እንዲያውም ፊቱ በራ። «ታዲያ ፌስታሉ እውነቱን አወጣው! የአባቴ ቃል ጸና ማለት ነው!»

አስተማሪዋ ለአፍታ ደነገጠች። ያመጣችው ምስክር ለባላጋራዋ መሰከረ። ከዚያ ዓይኗ ጥግ የተቀመጠ የውሃ ባልዲ ላይ አረፈ።

«ከባለቤትዎ ጋር ታርቃችኋል?»

«ምን እታረቃለሁ! ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ነው የወጣሁት።»

«በጣም ጥሩ!»

«የእኔ መራብ ነው ጥሩው?»

«እጅዎን ውሃ ነከር ያድርጉና ቁራጮቹን ዳበስ ያድርጓቸው።»

እንደተባለው አደረገ። ቁራጮቹ እግራቸውን ሰብስበው፣ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ተንጠለጠሉ።

«ባለቤትዎ ይቅር አሉዎት ማለት ነው?»

«እሷ? እስከ ማታም አትለኝ!»

«እነዚህን ታዲያ ማን አስታረቃቸው?»

ሹራብ ሠሪው ቁራጮቹን አየ፤ እርጥብ እጁን አየ። «ውሃው» አለ ቀስ ብሎ።

ሰው በስድሳ ዓመቱ እንዲህ ያለ ቃል ሲያወጣ መስማት ደስ ይላል። አስተማሪዋም ደስታዋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችው። «ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የኤሌክትሪክ ሙል የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዱ ይተርፈዋል፣ አንዱ ይጎድለዋል። የተረፈውና የጎደለው ይሳሳባሉ፤ ሁለቱም የተረፋቸው ወይም ሁለቱም የጎደላቸው ግን ይገፋፋሉ። ክሮችዎ በአንድ ብረት ላይ እየተፋተጉ ስለሚያልፉ ሁሉም አንድ ዓይነት ሙል ይይዛሉ። እርጥበት ካለ ያ ሙል ቀስ እያለ ይሸሻል። በደረቅ ወራት መሸሻ ያጣል።»

«ተመሳሳይ ከሆኑ ይገፋፋሉ አልሽ? እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ግትር ስለሆንን ነዋ!»

«እሱን እንኳ ፊዚክስ አይፈታውም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ክሩ በእሷ እጅ ብቻ ለምን ይጣላል?»

«ደረቁ ነፋስ ፊት ማን አስቀመጣት?»

ሹራብ ሠሪው ክፍቱን መስኮት አየ። ያስቀመጣት እሱ ነው።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። መስኮቱ ተዘጋ፤ አጠገቡ እርጥብ አንሶላ ተሰቀለ፤ ወለሉ ውሃ ተረጨ። ከማጠንጠኛው ብረት ወደ ውጭ ሽቦ ተስቦ እርጥብ መሬት ውስጥ ተቀበረ፣ ያ ሙል በዚያ ወርዶ እንዲያልቅ። አጠንጣኟም ናይለን ጃኬቷን አውልቃ የጥጥ ሽርጥ ታጠቀች። ከቀትር በኋላ ክሮቹ ተጠጋግተው ይወርዱ ጀመር።

ሹራብ ሠሪው ሰው ሁሉ እያየ አጠንጣኟ ፊት ቆመ። «በድዬሻለሁ። ቦታሽ ያንቺ ነው። ካሳ ጠይቂኝ።»

«የጠዋቱ ምርመራ ይቅርልን። ‹እንዴት አደርሽ› ይበቃኛል።»

ቀረላቸው። በማግስቱ የተበጠሰ ክር ተፈልጎ እስኪጠፋ ሥራው ቀና፤ ከደጅ የሚመለስ ሠራተኛም አልነበረም። እውቀት የገባበት ቤት ትርፉ ይህ ነው፤ ክሩም ይተርፋል፣ ሰውም ከሐሰት ፍርድ ይድናል።

በዚያው ጠዋት ሹራብ ሠሪው በር ላይ «እንዴት አደርሽ?» አላት።

አጠንጣኟ ሽርጧን እያሰረች፣ ያን ቀን ብቻ ቤቱን በሞላ ድምፅ «ተጣልቼ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ!» አለች። «ከጎረቤቴ ዶሮ ጋር! ያጠብኩት ልብስ ላይ ወጣች፤ ያልነገርኳት የለም!»

ሁሉም ሳቁ። እሷም እየሳቀች ማጠንጠኛውን አዞረች፤ ክሩም በጣቶቿ መካከል እንደ ዘይት ይንቆረቆር ጀመር።