የነይራ ዝላይና የአጎቴ ራሲም ካሜራ

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ትንሽ ትልቁ አጎቴ የሚላቸውን ራሲምን ከድልድዩ ሥር አገኘኋቸው። ካሜራቸው አንገታቸው ላይ ነው። በከተማችን ከድልድዩ ወደ ኔሬትቫ ወንዝ የሚዘል ሁሉ የመጀመሪያ ዝላዩን የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ልማዱም እንዲህ ነው፤ ፎቶው ላይ እግሩ የተገጠመ ዘላይ የበጋው ውድድር ውስጥ ይገባል። እግሩ የተከፈተ ፈርቷል ይባልና ይቀራል።

እሁድ ዕለት የጎረቤቴ ልጅ ነይራ ዘልላ ነበር። ሳራዬቮ ፎቶ አንሺነት ነው የምትማረው። ፎቶዋ የዘላዮቹ ክለብ በር ላይ ተለጥፏል፤ ወገቡ የጎበጠ፣ እግሩ የተበተነ ነጭ ጭስ ይመስላል። ስሟም ከውድድሩ ዝርዝር ተሰርዟል። ከዚያ ወዲህ እናቷ ገበያ የምትወጣው ሰው ሳይበዛ ነው።

እኔና አጎቴ ራሲም ቆመን ሳለን ነይራ አንገቷን ደፍታ ልታልፈን ስትል ጠሯት።

«ነይ እንጂ ልጄ። መፍራት እኮ ነውር አይደለም። አባትሽም መጀመሪያ ላይ ይፈራ ነበር።»

«አልፈራሁም አጎቴ። እግሬን ገጥሜ ነው የወረድኩት።»

«ፎቶው እንደዚያ አይልም።»

«ፎቶውን ያነሱት እርስዎ ነዎት።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ? ሳራዬቮ የሚያስተምሯቸው ይሄን ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ነይራ፣ «የካሜራውን መዝጊያ፣ ሹተሩን፣ ስንት ላይ አድርገው ነው ያነሱኝ?»

«የሰከንድ ስልሳኛ። ዕድሜዬን ሙሉ ስልሳኛ።»

«እሱ ለመታወቂያ ፎቶ ነው፣ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው። እኔ እየወደቅኩ ነበር። ውሃው ጋ ስደርስ ሹተሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ስንዝር ተኩል ያህል ወርጃለሁ። የእርስዎም እጅ እኔን እየተከተለ ነበር። ጉብጠቱ የማናችን እንደሆነ በምን አወቁ?»

«የኔ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

«አይንቀጠቀጥም። ግን ይሄዳል።»

«የብርሃን መግቢያውን ካላጠበብኩ ድልድዩም ቤቱም ተራራውም ይደበዝዛል። ካጠበብኩ ደግሞ ሹተሩ መዘግየት አለበት።»

«ተራራው ይወዳደራል እንዴ?»

ሳቄን ዋጥኩ። እንዲህ ሲመላለሱ ሊመሽ ነው፤ ዳቦዬም ቀዘቀዘ። «አንድ ነገር ከድልድዩ ላይ ጥላ ታሳየን» አልኩ። «ቀጥ ያለ ነገር።»

ነይራ የክለቡን መጥረጊያ ይዛ ወጣችና ከድልድዩ ለቀቀችው። አጎቴ ራሲም በስልሳኛቸው አነሱ። እስክሪኑን አዩ፤ መልሰው አዩ። የመጥረጊያው እንጨት ጎብጧል፣ ጫፉም ተበትኗል።

ነይራ ወርዳ በትከሻቸው በኩል አየች። «መጥረጊያውም ፈርቶ ይሆን?»

ካሜራውን ዝቅ አደረጉ። ጆሯቸው ቀልቷል። ሰው ሲያፍር ማየት ደስ አይልም፤ ዳቦዬን አየሁ።

«እንዴት ነው ታዲያ የሚደረገው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሹተሩን የሰከንድ ሺኛ ላይ ያድርጉት። እንደዛሬ ፀሐይ ሲሆን ሁለት ሺኛ። የብርሃን መግቢያውን ይክፈቱት። ብርሃን ካነሰ አይሶውን፣ የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም፣ ከፍ ያድርጉት።»

«አይሶ ከፍ ሲል ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል።»

«ይበል። ድልድዩ ጠርቶ ሰውየው ከሚጠፋ፣ አሸዋ የነካው ቀጥ ያለ እግር ይሻላል። ፎከሱን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ሳያቋርጥ እንዲከተል ያድርጉት። ሲጫኑም አንዴ ብቻ አይደለም፤ ተጭነው ይያዙት፣ በተከታታይ ያነሳል።»

«ደንቡ አንድ ዝላይ አንድ ፎቶ ነው። ከዚያ በላይ ስስት ነው።»

«ደንቡ የፊልም ዘመን ደንብ ነው አጎቴ። በአንድ ቅጽበት ሰው ይፈረድበታል?»

ይህን ሲሰሙ ካሜራውን ሰጧት። አስተካክላ መለሰችላቸውና ልብሷን ቀይራ ወጣች። ዘለለች። አጎቴ ራሲም ጣታቸውን ውሃው እስኪረጫቸው ድረስ አላነሱም።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየን። እግሯ ከላይ እስከ ታች እንደተገጠመ ነው። ወገቧ ቀጥ ብሏል። የጣቶቿ ጥፍር ሳይቀር ይታያል።

አጎቴ ራሲም ወደ ክለቡ በር ሄደው የእሁዱን ፎቶ ነቀሉ። የክለቡ ሰዎች ከውስጥ ወጡ።

«ልጅቷ አልፈራችም» አሏቸው አጎቴ ራሲም። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አልሰማንም» አለ አንዱ።

ደገሙት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳቸው። ስሟ ተመልሶ ተጻፈ።

ነይራ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ መጥታ ፎቶዎቹን አየች። «እዚህ ጋ ቀኝ እጄ ከጭኔ ተላቅቋል» አለች። «ይሄ ጥፋት የኔ ነው፤ አስተካክለዋለሁ።»

ጥቅሙ ይኸው ነው። ፈጥኖ በሚዘጋ ሹተር የተነሳ ሰው ያላጠፋውን አይሸከምም፤ ያጠፋውን ደግሞ በዓይኑ አይቶ ያርማል። ዘላይም ይሁን ኳስ ተጫዋች፣ ብስክሌት ጋላቢም ይሁን ያው ነው። ጀማሪ ፎቶ አንሺ ይህን ለመማር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። የሚያስቸግረው እስካሁን ተሳስቼ ነበር ማለቱ ነው።

ልሄድ ስል አጎቴ ራሲም እጄን ያዙ።

«ሌሎቹስ? በኔ ፎቶ ፈሩ የተባሉት?» አሉ።

«ሰናድ አለ» አልኳቸው። ልጅ ሳለ ዘልሎ ፎቶው እግሩ ተከፍቶ ወጣ። እስከ ዛሬ በድልድዩ አያልፍም። በታችኛው መንገድ ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው።

«ሰናድ አሁን ቤቱ ይኖራል?» አሉኝ።

«ይኖራል።»

ካሜራውን ከአንገታቸው አውልቀው ለነይራ ሰጡና በታችኛው መንገድ ሄዱ።