ግሩፑ ላይ የጻፍኩ ቀን

ደምበጫ አቅራቢያ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ወር፣ አያ ምናሉ የሚባሉ ገበሬ ባዝራቸው ምጥ ጠንቶባት አስጠሩኝ። እጄን አስገብቼ ስዳስስ የውርንጭላው አንድ እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። እንዲህ ያለውን ምጥ ከመጽሐፍ በቀር አላውቀውም። «ትተርፍልኛለች፣ ልጄ? ጋሪዬን የምትጎትተው እሷ ናት» ሲሉኝ እጄን ጠርጌ ስልኬን አወጣሁ። በቴሌግራም የእንስሳት ሐኪሞች ግሩፕ ውስጥ አለሁ፤ ግን አንድ አንጋፋ ዶክተር ጥያቄ የሚያነሳውን ሁሉ «ታዲያ ምን ተማርክ?» እያሉ ስለሚያሸማቅቁ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጨነቀኝና ችግሩን ከነስልክ ቁጥሬ ጻፍኩት።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። እኚያ አንጋፋ ዶክተር ናቸው! «መጎተቱን ተው» አሉኝ። «መጀመሪያ ውርንጭላውን ወደ ውስጥ ግፋው፤ ከዚያ ሰኮናውን በመዳፍህ ሸፍነህ እግሩን አቃናው።» አያ ምናሉ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘውልኝ፣ ዶክተሩ እንዳሉኝ አደረግሁ። ባዝራዋ ተርፋ በእግሯ ቆመች፤ ውርንጭላው ግን ሞቶ ወጣ። «ዘገየሁ መሰለኝ፣ ዶክተር» ብዬ ቁጣቸውን ጠበቅሁ። «እኔ ጀማሪ ሳለሁ እናትየዋም ሞታብኛለች» አሉኝ። «የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።»