የሟቿ ሙሽራ መጨረሻ

ባለፈው ፋሲካ ለተብርሃን የምትባለው የባሌ እኅት በዘመድ ሁሉ ፊት አሳቀችብኝ። «የቴሌቪዥኑ ድራማ ሟች ሙሽራ መንፈስ ሆና ትመለሳለች፤ ገዳይ ባሏን ታጋልጠዋለች» ስላልኩ «ጃጀች» አለችኝ። ትናንት መብራት ጠፍቶብኝ የመጨረሻውን ክፍል አላየሁም። ዛሬ ወደ ዓይደር ሆስፒታል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ነርስ አጠገቧ የተቀመጠውን የወሎ ነጋዴ ጠየቀችው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ድራማው እንዴት አለቀ? እኔ ተረኛ ነበርኩ።»

«ሱቄን ዘግቼ አየሁት። ወላሂ፣ አለቀስኩ!»

«ወንድ ልጅ በድራማ?»

«አንቺም ብታዪው ታለቅሻለሽ። ሰውዬው ሌላ ሊያገባ ሲል መንፈሷ ሠርጉ መሃል መጥታ ቆመች!»

«ይቅር አለችው እንዳትለኝ።»

«ምን ይቅርታ! በሰው ሁሉ ፊት ‹እኔ ነኝ የገደልኳት› አስባለችው።»

«እሰይ! እሰይ!»

መውረጃዬን አልፌ ለተብርሃን ቤት ድረስ ሄድኩ።