አውሮፕላን ላይ ያገኘነው ሽማግሌ

በእኛ ጊዜ የተጣላ ሰው ያለ ሽማግሌ አይታረቅም፣ ሰማይ ላይም ቢሆን አይታረቅም። ምን ያስቃችኋል? ስሙኛ!

ጫልቱን ታውቋት የለ፣ የያዮ ከተማዋን፣ የልጄን የአበባን አማት። እሷና እኔ ከሠርጉ ጀምሮ ተኳርፈናል። ምን አድርጋኝ መሰላችሁ? እዚሁ መቱ፣ እዚሁ ግቢዬ፣ እንግዳው ሁሉ በተቀመጠበት ዶሮ ወጤን ቀመሰችና ከንፈሯን እንዲህ ሰብሰብ አድርጋ፣ "ጨው ረስታችሁ ነው?" አለች። እኔን! ታዲያ ዘጋኋት፣ ዘጋችኝ፣ እና ልጆቹ ቻይና ሄደው፣ ነግደው፣ ወልደው፣ እኛ እንደተዘጋጋን ነን።

ታዲያ አበባ ደወለች። "እማዬ፣ ሁለታችሁም አራስ ልትጠይቁኝ ኑ፣ ቲኬት ተቆርጧል። ሳትታረቁ ከመጣችሁ ግን ልጄን አታቅፉም!" አለችኝ። የመጀመሪያ የልጅ ልጄን! እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። ግን እኔ ቀድሜ ላናግራት? ሞቼ እገኛለሁ!

አውሮፕላኑ ውስጥ ገባን፣ ወንበራችን ጎን ለጎን፤ የጫልቱ ልጅ፣ የአበባ ባል፣ ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያስቆረጠው። መስኮቱ ጋ አንድ ቻይና ሽማግሌ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ደፍቶ ተቀምጧል። ፂሙ ነጭ፣ ፊቱ ረጋ ያለ፣ በቃ ሽማግሌ! ክንዱን ያዝኩና፣ "አባቴ፣ ወዲህ ይበሉ" ብዬ መሀል አስቀመጥኩት፣ ጫልቱ መስኮቱ ጋ ሄደች። ሰውዬው ግራ እንደገባው ቀበቶውን አሰረ።

ታዲያ አውሮፕላኑ ሲነሳ ጫልቱ ጀመረችው። "ማሎ አባ ኮ፣ እባክዎ አባቴ፣ እኔ ክፉ ተናግሬ አላውቅም! ጨው አልኩ እንጂ መርዝ አልኩ?" እሱ ራሱን ነቀነቀ። "ይኸው፣ ገባቸው!" አለች። እኔም ቀበቶዬን ፈትቼ ብድግ አልኩ፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ አይነገርማ፣ እና "አባቴ፣ የእኔንም ይስሙ" ስል አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች።

"እማማ፣ ይቀመጡ፣ ቀበቶዎን ይታጠቁ!"

"ጉዳይ ላይ ነን ልጄ።"

"አውሮፕላኑ እኮ እየወጣ ነው!"

"ይውጣ፣ ማን ያዘው?"

ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ተቀምጬም ተናገርኩ፤ ጫልቱ መለሰች፣ እኔም መለስኩ፣ ሁሉንም ለእሱ። እሱ ይነቀንቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይነቀንቃል። እንዲህ ያለ ታጋሽ ሽማግሌ መቱም የለን።

ምግብ መጣ። ያ ምግብ፣ ልጆቼ፣ ጨው የሚባል አልነካውም። ሽማግሌው በወረቀት የተጠቀለለችውን ጨው አነሳ፣ ገልበጥ አድርጎ አያት፣ እና ጫልቱ ፊት አስቀመጠላት። ዋቆ፣ ፈጣሪዬ! ሁለታችንም ክው አልን።

"ተፈረደ!" አልኩ። "ጨው የፈለግሽ አንቺ ነሽ፣ ይኸው ውሰጂ ተባልሽ!" አያችሁ፣ አመለጠኝና ፊት ለፊት አናገርኳት።

እሷም ሳቋ መጣ። "እሺ፣ ተቀብያለሁ። ወጥሽ ግን..."

"ጫልቱ!"

"ተውኩት፣ ተውኩት!"

ከዚያ ሽማግሌው ብድግ አለ፣ ጫልቱን በእጁ ወደ እኔ ገፋ ገፋ አደረጋትና መስኮቱ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። "በቃ ተቃቀፉ ማለታቸው ነው" አለች። ተቃቀፍን። አለቀስን። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰን ቻይና ደረስን።

ታዲያ ልንወርድ ስንል ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ። ከዚህኛው ጆሮው ቢጫ ውታፍ መዘዘ። ከዚያኛውም መዘዘ። ጫልቱን አየኋት፣ አየችኝ።

"አየሽ?" አልኳት።

"ምኑን?"

"እኔም ምንም አላየሁ" አልኩ። ምን ላድርግ፣ እዚያ አገር ሌላ ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ?

አበባ ልጁን ታቅፋ በር ላይ ጠበቀችን። "ማን አስታረቃችሁ?"

"አንድ አዋቂ ሽማግሌ" አልኩ።

"ምን ብሎ?"

ጫልቱ ለልጁ እጇን ዘረጋችና፣ "ምንም አላለ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያዳምጠን ነው የመጣው" አለች። (ሳቅ)