ዘጠና አንደኛዋ የውኃ ተካፋይ

ከደብረ ማርቆስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ አማኑኤል ሲደርስ ጎማው ተነፈሰና ሁላችንም ወርደን ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሥራዬ የወንዞችን ፍሰት መለካት ስለሆነ የውኃ ነገር ሲነሳ ጆሮዬን አቆማለሁ። ከአጠገቤ ሁለት ሰዎች ይከራከሩ ነበር። አንዱ የቀበሌያቸው የውኃ አባት፣ ማለትም የመስኖውን ተራ የሚደለድሉት አቶ ደምለው ናቸው። ሌላዋ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የምታጠናው ሂዊ ናት።

"መስኖው ውስጥ ልግባ ያለችውን ወለተ ኪዳንን እሑድ ጉባኤው ላይ አይሆንም እላታለሁ፤ አለቀ" አሉ አቶ ደምለው።

"አያ ደምለው፣ ባሏ ሞቶባታል። ውኃ ከከለከሏት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከተማ መውረዷ አይደለም?"

"እኔ ጠላኋት እንዴ? ቁጥሩ ነው እንጂ የጠላት! ዘጠና ሆነን፣ በዘጠኝ ቡድን አሥር አሥር ተከፍለን፣ በቀን አንድ ቡድን እያልን ስናጠጣ ተጣልተን አናውቅም። አንዱ ቡድን በአንድ ሰው ቢበልጥ ግን አካፋ እንማዘዛለን። እሷ ስትጨመር ዘጠና አንድ እንሆናለን። በሁለት ከፈልሁ፣ አንድ ተረፈ። በሦስት አንድ፣ በአምስት አንድ፣ በአሥርም አንድ። የምትተርፈው እሷ ናት።"

"ማን አለ? እርስዎ ቢሆኑስ የሚተርፉት?"

"ወግጅ!" አሉ፤ ግን ሳቁ።

የአቶ ደምለው ስሌት ልክ ነበር፤ ድምዳሜያቸው ግን ከስሌታቸው ቀድሞ ሄዷል። በአራት ቁጥሮች ብቻ ሞክሮ "አይካፈልም" ማለት፣ አራት ቤት አንኳኩቶ በመንደሩ ሰው የለም እንደ ማለት ነው።

ሂዊ ሽማግሌው ከገዙት የባቄላ ዘር ዘጠና አንድ ፍሬ ቆጥራ ወሰደች።

"ሰባትን ሞክረዋል?"

"በሰባት የሚቆጥር ሰው አይቼ አላውቅም።"

"እንግዲያው አብረን እንቁጠር።" ባቄላውን በጆንያው ላይ ሰባት ሰባት እያደረገች ደረደረች። "እነዚህ የሰባት ብዜቶች ናቸው፤ ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ..."

ሰባ ላይ አሥር ረድፍ ሞላ። ሰባ ሰባት፣ ሰማንያ አራት፣ ዘጠና አንድ። አሥራ ሦስት ረድፍ ሆነ፤ በእጇ የቀረ ፍሬ የለም።

"ሰባትና አሥራ ሦስት የዘጠና አንድ አካፋዮች ናቸው" አለች።

አቶ ደምለው ረድፎቹን በጣታቸው እየነኩ ደግመው ቆጠሩ። "ዕድል ቀንቶሽ ነው። በሰባት ባይሆንስ ኖሮ? እስከ ዘጠና ድረስ ስሞክር ሽንኩርቱ ይደርቃል።"

"እስከ ዘጠኝ ይበቃል፣ አያ። አሥር ጊዜ አሥር መቶ ነው፤ ከዘጠና አንድ አለፈ። ስለዚህ ተባዝተው ዘጠና አንድ ከሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች አንዱ ከአሥር ማነሱ የግድ ነው። ደግሞም በሁለት እምቢ ያለ ቁጥር በአራትም፣ በስድስትም፣ በስምንትም እምቢ ይላል፤ በሦስት እምቢ ያለም በዘጠኝ እሺ አይልም። መሞከር ያለባቸው ሁለት፣ ሦስት፣ አምስትና ሰባት ብቻ ናቸው። እርስዎ አንድ ሲቀርዎት ነው ያቆሙት።"

"ነገ ዘጠና ሰባት ብንሆንስ?"

"በሁለት አንድ ይተርፋል፣ በሦስት አንድ፣ በአምስት ሁለት፣ በሰባት ስድስት። በቃ፤ ከዚህ ወዲያ መልፋት የለም። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ እንዲህ ያለው ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ያኔ ቡድኑን ትተን ሰዓቱን እናካፍላለን እንጂ ሰው አንቀንስም።"

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። "ይሁን፣ ሰባት ቡድን እንበል። ግን በአንድ ቀን አሥራ ሦስት ሰው ሲያጠጣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ነው የሚደርሰው።"

"ተራውስ ቶሎ አይመለስም? እስካሁን በዘጠኝ ቀን ነበር የሚዞረው፤ አሁን በሰባት ይዞራል።"

እሳቸውም፣ "ሽንኩርት እንኳ የሚወደው ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነው" አሉ፤ ይህን ከሂዊ አልተማሩትም።

እኔም ጣልቃ ገብቼ፣ ብዙ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ከሥሩ አልፎ ወደ ታች እንደሚሰርግ በሥራዬ ያየሁትን መሰከርሁ። እንግዲህ ጎማ እስኪጠገን በተደረገ ስሌት ቡድኖቹ እኩል ሆኑ፣ ተራው አጠረ፣ አንዲት ሴትም ከመሬቷ ሳትነቀል ቀረች። ሞክሮ መጨረስ ማለት ይህ ነው፤ የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ማወቅንም ይጨምራል።

ሹፌሩ "ተሳፈሩ!" ሲል አቶ ደምለው ስልካቸውን አወጡ።

"ወለተ ኪዳን? ደምለው ነኝ። የሽንኩርት መደብሽን ቆፍሪ። እሑድ ድልድሉን ራሴ አቀርበዋለሁ... በማን ቡድን አልሽ?"

ሂዊን አየት አደረጓት።

"በእኔው ነሽ።"