ካባ የደረበው ስልክ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በምንወርድበት ሚኒባስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ላለች ወጣት የልጃቸውን የዘሀራን ኒካህ እያወሩላት ነበር።

«ሙሽራው ህንድ አገር ነው አላሉኝም እንዴ?»

«ህንድ ነዋ! ሐይደራባድ የሚሉት ከተማ ይማራል። ቃዲው እኛ ቤት፣ ሙሽራው ስልክ ውስጥ!»

«ስልክ ውስጥ!»

«ወላሂ! የቃዲውን ስልክ ትራስ አስደግፈን ለሙሽራው የገዛነውን ካባ ደረብንለት።»

«ኧረ እማማ፣ በሳቅ ገደሉኝ!»

«ቆይ እንጂ። ቃዲው ‹ዘሀራን ተቀብለሃል ወይ?› ሲሉት አፉን እንደከፈተ ድርቅ ብሎ ቀረ።»

«ደንግጦ ነው?»

«ኔትወርክ ነው እንጂ! ዘሀራ ግን ጓዳ ሆና ‹ሐሳቡን ቀየረ› ብላ ለቅሶዋን ጀመረች።»

«ያ ረቢ! ከዚያስ?»

«ድንገት ስልኩ ነፍስ ሲዘራ ‹ተቀብያለሁ! ኧረ ተቀብያለሁ!› እያለ ይጮሃል። አብረውት የሚኖሩት የህንድ ልጆችም ከኋላው ‹አሚን! አሚን!› ይላሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ!»

«እርስዎስ መረቁት?»

«እንትፍ እንትፍ ብዬ ነዋ! ቃዲው ‹ኧረ ስልኬ!› ብለው ከእጄ ነጠቁኝ።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

«አንቺስ አግብተሻል የኔ ልጅ?»

«ኧረ ገና ነኝ።»

«እንግዲያው አላህ ከቅርብ ይስጥሽ፤ ከሩቅም ከሆነ ኔትወርክ ካለበት አገር!»

«አሚን እማማ!»

ገና ያላገባሁት እኔም ከፊታቸው ተቀምጬ በሆዴ አሚን አልኩ።