ስለ ሙሜ ዩያ ሰንጋ አሟሟት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሸምሲያ ቡሽራ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ገበሬ
አድራሻ፦ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ቡርቃ ጨፌ ቀበሌ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ሐምሌ 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

የግል ተበዳይ ሙሜ ዩያ ባለቤቴ ሲሆን፣ ተጠርጣሪው ኢብሳ አልዪ የድንበር ጎረቤታችን ነው። እኛ ማሽላ እየዘራን ሰንጋ እናደልባለን፤ እሱ ማሽላውን ትቶ ጫት ተክሏል። በዚህ ሲበሻሸቁ ኖረዋል እንጂ ተጣልተው አያውቁም።

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የጎረቤት ወንዶች ቤታችን ጫት እየቃሙ ሳለ፣ ኢብሳ በራፍ ላይ የታሰረውን፣ በድርቁ የከሳውን ሰንጋ አይቶ «አንተ ሙሜ፣ ይኼን የምታበላው ለገበያ ነው ለጅብ?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ነገር ግን መቀመጥ አልሆነለትም። እየወጣ የሰንጋውን ጎን ይዳብሳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። በመጨረሻ ማጭድ ይዞ ወደ ማሳ ወረደ።

ድርቅ አቀጭጮት የነበረው ማሽላ ሰሞኑን በጣለው ዝናብ እንደገና አቆጥቁጦ ነበር። እንዲህ ያለ ለጋ ማሽላ ከብት እንደሚገድል እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ታቅፎ ሲመጣ «ተው አንተ ሰውዬ፣ እሱ ገና ነው!» አልኩት። «ነጋዴው ቅዳሜ ሊያየው ይመጣል። ምን ላብላው፣ ምክርሽን?» ብሎኝ ማጉረስ ጀመረ።

ሰንጋው ብዙም ሳይቆይ ተንቀጥቅጦ ወደቀ። ቢላዋ ይዞ የሮጠው ራሱ ኢብሳ ነው፤ አልደረሰም። ሳይታረድ ስለሞተ ሥጋውም ሐራም ሆነ። በእጄ ያሳደግሁት ነውና አለቀስኩ። ሙሜ ግን ድንበሩ ላይ የተጣለ የጫት ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ አንስቶ «ኢብሳ መረዘብኝ!» ብሎ ጮኸ።

ጠርሙሱ የኢብሳ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ ሰንጋ አይሰማራም። ውሎ አዳሩ ከችካሉ ጋር ነው፤ የሚበላውም ከሙሜና ከእኔ እጅ ብቻ ነው።

ባለቤቴ «ኢብሳ መኖው ላይ ሲረጭ አይቻለሁ በይ» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አላየሁም። ኢብሳ ታስሮ የደረሰ ጫቱ ያለ ለቃሚ እየጠነከረበት ነው፤ ሚስቱም ሰላምታ ነስታኛለች።

የምትጨምሪው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ሙሜ ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ይህ ቃሌ እዚሁ በፖሊስ ፊት እንዲነበብለት እጠይቃለሁ። ቤት ስንገባ ሁለታችን ብቻ ነን።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ከአፌ የወጣ ቃል መሆኑን አረጋግጬ አሻራዬን አኑሬአለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ______
ቃል የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ______